የአባትሽን ይመስላል?

በዚያ ዓመት ፍልሰታን ከሰፈራችን ልጆች ያልጾምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባት ዓመት የሚሞላኝ መስከረም ላይ ነው፤ መስከረም የተባልኩትም ለዚሁ ነው። እናቴ ገነት ደግሞ ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይጾምም ባይ ነበረች። ጓደኞቼ በባዶ ሆዳቸው ቅዳሴ ቆመው ሲመለሱ፣ እኔ ወተት የነካው ከንፈሬን በእጄ ሸፍኜ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። አፍር ነበር። ይህ ሳያንስ ጾሙ ሳይፈታ ከውጫሌ እስከ ኮምቦልቻ በየኬክ ቤቱ ኬክ ስበላ ከረምኩ። ለምን እንደምበላ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን መርሳ ነው፤ የአባቴ የስዩም ሥራ ግን ወልድያ ነበር። አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ይሠራል። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። ሲያቅፈኝ አንገቱ ሥር የተቃጠለ ስኳር ይሸተኛል። ብዙ ዓይነት ኬክ ይሠራ ነበር፤ ስም ያወጣለት ግን በትንሽ የወረቀት ኩባያ የሚጋግረው፣ ክሬም የሌለው፣ አናቱ ላይ ስንጥቅ ያለው ኬክ ነው። ከመርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ብርቱካን ሲደርስ ልጣጩን ፈቅፍቆ ሊጡ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ከዚያ አንድ ቁንጥር ኮረሪማ። ስትበላው መጀመሪያ ብርቱካኑ ይመጣል። ኮረሪማው የሚመጣው ኬኩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጉሮሮ ጋ ደርሶ እዚያው ይቆያል።

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። የኬክ ቤቱ ባለቤት ዱቄትና ቫኒላ እንዲገዛ ደሴ ሲልከው፣ እዚያ ካሉት ኬክ ቤቶች እየገባ ከየቤቱ አንዳንድ የኩባያ ኬክ ገዝቶ በካርቶን ይዞልን ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸውና የራሱን አንድ ከመካከላቸው ይደባልቃል። የእናቴ ነጠላ ዓይኔ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በየተራ ያቀምሰኛል። የእኔን ምላስ ገና በርበሬ አላበላሸውም ይል ነበር። ከሁሉም የማን እንደሚበልጥ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የእሱን እመርጣለሁ፤ ዓይኔ ቢታሰርም አውቀዋለሁ።

አንድ እሑድ ግን ከደሴ ከመጡት አንዱ እንደ ጥጥ ለስላሳ ሆነብኝና «ይሄኛው» አልኩ። ነጠላው ሲፈታ የአባቴን ፊት አየሁት። አልተቆጣም። ኬኩን ቆርሶ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ አሸተተው፤ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ብዙም አልተናገረም። ያሳዘንኩት መሰለኝ። ከእንግዲህ የማንንም ኬክ ከአባዬ ጋር አላስተካክልም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ያን ቀን በሐሳብ የጠፋው ደሴዎቹ የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው መትተውት ይሆን ወይ እያለ መሆኑን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የእሱም ኬክ ለስልሶ መጣ። እኔ ግን መሐላዬን አላነሳሁም።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በሰሜን በኩል፣ ከሲሪንቃ ማዶ፣ ሰማዩ ያጉረመርም ጀመር። እናቴን ዝናብ ሊመጣ ነው ወይ አልኳት። አዎ፣ ልብሱን አስገቢ አለችኝ። አስገባሁ። ያን ቀን አልዘነበም።

ከዚያ የወልድያ ሰዎች በእግራቸው ይመጡ ጀመር፤ ፍራሽ የተሸከሙ፣ አንድ ባጃጅ ውስጥ ስምንት ሆነው የተጨናነቁ። አባቴ በዚያ ሳምንት አልመጣም። ትልልቆቹ ኔትወርክ ጠፋ እያሉ ሲያወሩ፣ ወጥተው ለምን እንደማይፈልጉት ይገርመኝ ነበር። እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ አስፋልቱ ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሰው ፊት ታያለች። አባዬስ ስላት ደሴ ዕቃ ሊገዛ ሄዷል፣ እኛም ተከትለነው አብረን እንመለሳለን አለችኝ። ደስ አለኝ። ደሴ ማለት ለእኔ በካርቶን ውስጥ ያለ ኬክ ነበር።

የወጣነው ጎረቤታችን አብዱልሐሊም በሚነዳው አይሱዙ ነው። ሽማግሌው ጎረቤታችን አያ ወርቁ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብለው ቀሩ። እናቴ እጃቸውን ይዛ፣ ስዩም ከመጣ ወደ ደሴ ሄደዋል በሉልኝ ስትላቸው ሰማሁ። አባቴ ደሴ ከሆነ መርሳ ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ አልገባኝም። መኪናው ሲነሳ ግን ረሳሁት።

አብዱልሐሊም ውጫሌ አውርዶን ሌሎች ሰዎች ሊያመጣ ተመለሰ። እዚያ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አራት ቀን ተቀመጥን። እናቴ መንገዱ ዳር ስትጠብቅ ውላ ትመጣለች። በአራተኛው ቀን እጄን ይዛ ከተማው ውስጥ ወዳለ ኬክ ቤት ገባችና፣ ከወልድያ የመጣ ኬክ ሠሪ እዚህ ሥራ ጠይቆ እንደሆነ ባለቤቱን ጠየቀችው። ሰውየው የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። አንቺ ማነሽ፣ ሰውየውስ ምንሽ ነው፣ መታወቂያ አለው ወይ እያለ ይጠይቃት ጀመር። ዱላ የያዙ ሁለት ወጣቶች በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ መታወቂያዋን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። እያገላበጡ አዩት። በመጨረሻ ሲመልሱላት፣ ሰውየው ዘመዴ ነው፣ ምናልባት ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆናል አለችና ወጣን።

በዚያ ሰሞን የማይታወቅ ሰው ሁሉ ሰርጎ ገብ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። ከቤቱ በድንጋጤ የወጣ፣ መታወቂያውን ያልያዘ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አዝኖ ሥራ የሰጠው ደግሞ ይደብቀዋል። ስለዚህ አንድን ሰው በስሙ እየጠሩ መፈለግ ራሱን ማስያዝ ሊሆን ይችላል። እናቴ ይህን የተማረችው በዚያ በር ላይ ነው። እኔ ግን ባለ ኬክ ቤቱ የሌላ ኬክ ሠሪ ቤተሰብ መሆናችንን ያወቀብን፣ ሙያውን ልንሰልል የመጣን መስሎት የተናደደ መሰለኝ። ትንሽ ኮራሁ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ማንንም አልጠየቀችም። አባቴ የትም ቢደርስ በልቶ ለማደር የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ በደረስንበት ከተማ ኬክ ቤት እየፈለገች ትገባለች፣ አንድ የኩባያ ኬክ ትገዛለች፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቀስ ብለሽ ብይ ትለኛለች። ስጨርስ ጎንበስ ትልና ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦ የአባትሽን ይመስላል?

ራሷ ለምን አልቀመሰችም? ከመርሳ ስንወጣ ስለ አባቴ ሱባኤ ይዛ ነበር። እመቤቴ አገናኝኝ ብላ፣ ጾሙ እስኪፈታ ከጥሉላት ወገን በአፏ እንደማይዞር ተስላለች። ያንን ካፈረሰች እሱን የምታጣው መሰላት። የኬኩ ቅርጽ የመጋገሪያው ነው፣ ወረቀቱ የኬክ ቤቱ ነው፤ የሠሪው እጅ የሚታወቀው በአፍ ብቻ ነው። የቀራት የእኔ ምላስ ነበር። እኔ ደግሞ አባቴ የለመደውን ቅምሻ በመንገዳችን እየሠራንለት እንድንመጣ ያዘዘን መሰለኝ። ሥራዬም የማንም ኬክ እንደማይደርስበት መመስከር ነው።

ሐይቅ ከተማ የደረስነው ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ኬክ ቤቷ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ከባንኮኒው ኋላ ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል። ባለቤቷ እትዬ ወርቅነሽ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሰውን ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ የሚያዩ ሴት ናቸው። እናቴን ነጠላዋን አይተው፣ የጾም ብስኩት አለ አሏት። ለልጅቷ ነው አለች።

ወረቀቱን ስልጠው ብርቱካኑ መጣ። ነከስኩ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩ። ኮረሪማው ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ሌላ መንከሴን ተውኩ። ልክ የአባዬ ነበር። አባዬ ግን ደሴ ነው፣ ዕቃ እየገዛ ነው። እንግዲያ አንድ ሰው ሐይቅ ላይ ተቀምጦ ብርቱካኑንም ኮረሪማውንም ሰርቆበታል ማለት ነው። ያውም አሳምሮ።

እናቴ ጎንበስ አለች። «የአባትሽን ይመስላል?»

ያ የእሑድ ማታ ዝምታው ትዝ አለኝ።

«አይመስልም» አልኳት። «የአባዬ ይበልጣል።»

ቀና አለች። ከንፈሬ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እንደ ልማዷ በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝ። ጣቷን ግን ወዲያው አላራገፈችውም። ፍርፋሪውን ትንሽ ቆይታ አየችው። ከዚያ በጠረጴዛው ጠርዝ ጠረገችው፣ ተነሳን።

የተረፈኝን ግማሽ ኬክ በወረቀቱ ጠቅልዬ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለአባዬ ላሳየው ነው፤ ተጠንቀቅ፣ ሐይቅ ላይ አንድ ሰው ደርሶብሃል ልለው።

ደሴ ሦስት ቀን ቆየን። ቀይ ክሬም ያለው ኬክ በላሁ። እንቁላል እንቁላል የሚል በላሁ። አንዱ ስኳሩ ጥርስ ላይ ይንቋቋል፣ አንዱ የትናንት ነው። አንዱም የአባቴን አይመስልም ነበር፤ አይመስልም ስል እውነቴን ነው። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ቤት ሆዴን አመመኝ። እናቴ ኬኩን ከፊቴ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ይበቃሻል፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ቅመሽልኝ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋን ያስተዋልኩት። ሰውን የምታዝዝ አይመስልም፣ የምትለምን ይመስላል። አባዬ መቼ ነው ዕቃውን የሚጨርሰው ስላት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሄዶ ይሆናል አለችኝ።

ኮምቦልቻም እንዲሁ ሆነ። ተፈናቃዮች በሚያድሩበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሂሩት ከምትባል የቆቦ ሴት አጠገብ ቦታ አገኘን። እናቴ ተስፋ መቁረጧን የሰማሁት ለሂሩት ስትነግራት ነው። ጾሙ በተፈታ ማግስት አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ይዛኝ ልትሳፈር ወስናለች፤ እዚያ የአጎቷ ልጅ አለች። አንዴ እዚያ ከገባን በኋላ ተመልሰን እንደማንፈልገው ታውቅ ነበር፤ መሳፈሪያው የሚበቃው ለመሄጃ ብቻ ነው። እሱም በሕይወት ካለ የሚፈልገን በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷ ከስቶ ነበር። ሂሩት የተቀቀለ እንቁላል ሰጠቻት። እናቴ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኩል ተቀምጠን እኩል በላን። የጾም ማብቂያ እንዲህ ያለ ሰላም እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች። ከዚያ፣ ለጨዋታ ያህል፣ ከበላሻቸው ኬኮች ሁሉ የቱ ጣፈጠሽ አለችኝ።

እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። በዚህ ጥያቄ ውስጥ አባቴ የለም፤ ስለዚህ መሐላዬም አልከለከለኝም።

«የሐይቁ» አልኳት።

«ምን ነበረው?»

«ብርቱካን አለው። መጨረሻ ላይ ኮረሪማ ይመጣል።» ከዚያ የምሥራቹን እንደሚያበሥር ሰው ከኪሴ የተጠቀለለውን ወረቀት አወጣሁ። «ለአባዬ ላሳየው አስቀምጬዋለሁ።»

ኬኩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። በጥርሷ ሰበረችው። አላኘከችውም፤ አፏ ውስጥ ይዛ እስኪርስ ጠበቀች፣ ዓይኗን ጨፍና። ሂሩት ምን ሆንሽ አለቻት። ብዙ ቆይታ ዋጠች፣ ከዋጠችም በኋላ ገና የሆነ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች።

«መስኬ፣ ያኔ ለምን አይመስልም አልሽኝ?»

«አባዬ እንዳያዝን።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሌላ ሰው አባዬን ስላከለው የምታለቅስ መሰለኝ። እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጌ፣ አብሽሪ እማዬ፣ አባዬ ሲመለስ ይበልጠዋል አልኳት። ሳበችና ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችኝ። አልተቆጣችኝም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም፣ አንድ ቀን እንኳ ያንን «አይመስልም» አንስታብኝ አታውቅም።

በማግስቱ አውቶቡሱ ያለ እኛ ሄደ። ደሴ ላይ አብዱልሐሊምን አገኘነው፤ ወደ ሐይቅ እህል እየጫነ ነበር። እናቴ ውሰደን ስትለው ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲሸሽ ልጅ ይዛ ወደ ላይ መሄዷ አስገረመው።

«ሐይቅ ምን አለሽ?» አላት።

«ኬክ» አለችው።

ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። ቢስሚላህ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

መንገዱ ላይ ከፊታችን የሚመጣው ሰው አያልቅም፤ ፍየል የሚነዱ፣ ሕፃን ያዘሉ። ሁሉም ወደ መጣንበት ይሄዳሉ። እናቴ ከሚያልፉት ወንዶች የአንዱንም ፊት ሳታይ አላለፈችም። አሁን ሳስበው፣ ከመካከላቸው እሱ ሆኖ እንዳያመልጠን እየፈራች ነበር።

እትዬ ወርቅነሽ አወቁን። እናቴ አንድ የኩባያ ኬክ ገዛች፣ ባንኮኒው አጠገብ ቆማ እሷው በላችው። ቀስ ብላ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ፍርፋሪ ሳታስቀር። ከዚያ ማን እንደጋገረው ጠየቀች። ልጄ ነው፣ ድሮም የሚጋግረው እሱ ነው አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«እትዬ፣ ማንንም ላስይዝ አልመጣሁም» አለቻቸው። «ይህን የጋገረው ሰው ግራ ክንዱ ላይ የምጣድ ዘይት ያቃጠለው ጠባሳ አለው። ሲያስነጥሰው ሦስት ጊዜ ነው። ይቺ ልጁ ናት።»

እትዬ ወርቅነሽ መነጽራቸውን አደረጉ። እናቴን ትተው እኔን አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእግር ሳይሆን ከፊት ጀመሩ። ግንባሬን አዩ፣ አገጬን አዩ። ከዚያ የውጪውን በር ዘግተው ቆለፉና መጋረጃውን ገለጡት። ሲጋግር አድሮ አሁን ነው የተኛው፣ ቀስ ብላችሁ አሉን።

በመጀመሪያው ቀን ከተቀመጥንበት ጠረጴዛ እስከዚያ መጋረጃ ስምንት እርምጃ ነው። በቅርቡ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ።

ምድጃው ገና ይሞቃል። ግድግዳው ሥር፣ ባዶ የዱቄት ጆንያ ላይ፣ አንድ ሰው ወደ እኛ ዞሮ ተኝቷል። ጢሙ አድጓል፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ራስጌው መፈቅፈቂያና ልጣጩ የተፋቀ ብርቱካን ተቀምጧል። ከወልድያ በተራራ በተራራ ወጥቶ መርሳ ሲደርስ ቤታችን ተቆልፎ አግኝቶታል፤ አያ ወርቁ መልእክቱን ነግረውታል። እኛ ውጫሌ ስንጠብቀው በጭነት መኪና አልፎን ሄዷል። ከሐይቅ ወዲያ ያለው ኬላ መታወቂያ የሌለውን ስለማያሳልፍ እዚያው ቀረ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ብርቱካኑን ነው። ብርቱካኑን አየሁ፣ ሰውየውን አየሁ፣ እንደገና ብርቱካኑን አየሁ። ሌባው አባቴ ነበር።

ልሮጥ ስል እናቴ ሹራቤን ከኋላ ያዘችኝ።

«ይተኛ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ያን ያህል መንገድ የፈለገችውን ሰው አልቀሰቀሰችውም። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔን ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። ተቀምጠን ሲተነፍስ አየነው። እኔ ሲነቃ ምን እንደምለው አስብ ጀመር። ኬክህን አውቄው ነበር፣ ግን አይመስልም አልኩ። እንዴት ይባላል?

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኑን ገለጠ። እናቴን አየ። እኔን አየ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ዓይኑንም መልሶ ጨፈነ።

የሰማብኝ መሰለኝ። የተናገርኩትን መጋረጃው ኋላ ሆኖ ሰምቶ የተቀየመኝ መሰለኝና ማልቀስ ጀመርኩ። ዛሬ ስጠይቀው ሌላ ነገር ነው የሚነግረኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ በተኛ ቁጥር በሕልሙ እንመጣበት ነበር። እጁን ሲዘረጋ እንጠፋለን። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ፊቱን ማዞር የለመደው ለዚህ ነው።

እናቴ ከመርሳ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ዓይኗ እየፈሰሰ። ጠጋ ብላ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች።

«ስዩም» አለችው፣ «ዞር በል። እኛ ነን።»